አውስትራሊያ ስለ ዓሣ ነባሪዎች የቆመችበት አቋም

የአውስትራሊያ መንግሥት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010፣ ከዋነኞቹ የንግድ ወዳጆቹ አንዷ የሆነችውን ጃፓንን፣ በደቡብ ውቅያኖስ ስለምታካሂደው የዓሣ ነባሪ አደን በዘ ሄግ በተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለመክሰስ የደፈረው፣ ለእንዲህ ያለው ክስ የሚያበቃውን ሥልጣን አስቀድሞ በገዛ ምድሩ ስላገኘው ይመስለኛል። እርሱም ቀድሞ አዳኝ ነበርና፤ በምዕራብ አውስትራሊያ በአልባኒ አጠገብ የነበረው የመጨረሻው የአደን ጣቢያ በ1978 ተዘጋ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮልም ፍሬዘር ያቋቋሙት፣ በሰር ሲድኒ ፍሮስት የተመራው መርማሪ ጉባኤም አደኑ ፈጽሞ እንዲቀር መከረ፤ መንግሥቱም ምክሩን ተቀብሎ በ1980 በሕግ አጸናው። እንጀራቸው ከዚያ ባሕር ይወጣ ለነበረ ሠራተኞች ይህ ቀላል መሥዋዕት አልነበረም።

የክርክሩ ሥር በ1946 በዋሽንግተን የተፈረመው የዓሣ ነባሪ አደን ውል አንቀጽ 8 ነው፤ ይህ አንቀጽ ማንኛውም አባል መንግሥት ለሳይንስ ምርምር በሚል የፈቀደውን ያህል ዓሣ ነባሪ እንዲገደል ለራሱ ዜጎች ፈቃድ እንዲሰጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን በ1982 የንግዱ አደን እንዲቆም ከወሰነ በኋላ፣ ጃፓን በዚህ በር ገብታ አደኑን ቀጠለች፤ ሥጋውም በገበያ ይሸጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2014 በ12 ድምፅ በ4 ተቃውሞ ሲበይን፣ ከ2005 ጀምሮ 3,600 ያህል ሚንኬ የሚባሉ ዓሣ ነባሪዎች የተገደሉበት የጃፓን የምርምር መርሐ ግብር ያስገኘው ዕውቀት ውሱን መሆኑን አመልክቶ፣ ፈቃዶቹ ለሳይንሳዊ ምርምር የተሰጡ አይደሉም አለ። ዕውቀት የከበረ ነገር ስለሆነ፣ ስሙ የገበያ መጋረጃ ሲደረግ ማየት ያሳዝነኛል።

ጃፓን በ2019 ከኮሚሽኑ ወጥታ የንግዱን አደን በገዛ ባሕርዋ እንደገና ጀመረች። የደቡቡን ውቅያኖስ መተውዋ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የባሕር ዳርቻ ሕዝቧ ከአባቶቹ የወረሰው ምግብ ነው የሚለውም ሙግት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከእነዚህ ታላላቅ ፍጥረታት ብዙዎቹ በዓመታት ልዩነት አንዳንድ ግልገል ብቻ የሚወልዱ በመሆናቸው፣ የሰው ልጅ በአንድ ትውልድ ያጠፋውን ለመመለስ ብዙ ዘመን ይጠይቃል። ጥበቃው ግን ፍሬ ያፈራል፤ በምሥራቅ አውስትራሊያ ጠረፍ የሚተላለፈው፣ ሃምፕባክ የተባለው ዝርያ በ1960ዎቹ መባቻ በጥቂት መቶዎች ቀርቶ ሳለ፣ አደኑ ከቆመለት በኋላ እጅግ በዝቶ በ2022 ከአውስትራሊያ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ዝርያዎች መዝገብ ተሠርዟል።

ስለዚህም አውስትራሊያ በየጊዜው ቅሬታን ከመግለጽ አልፋ፣ የአንቀጽ 8 ዋና ተጠቃሚ ከኮሚሽኑ በወጣበት በዚህ ጊዜ፣ አንድ መንግሥት ለራሱ የሚሰጠው የግድያ ፈቃድ በኮሚሽኑ ሳይመረመር እንዳይጸና የሚያደርግ የውል ማሻሻያ ማቅረብና ለዚህም አባል መንግሥታትን አንድ በአንድ ማግባባት ይገባታል።