ቅቤ የሚያቀልጥ ቤት

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ወደ ውኃው ወረድ ሲል ደግሞ፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዛፍ ተከቦ ይታየዋል። ስለ ገዳሙ ብዙ ተጽፏልና፥ እኔ ዛሬ የምጽፈው ከዚያው አካባቢ ስላለች አንዲት አሮጌ ቤት ነው። ግድግዳዋ ድንጋይና ጭቃ፥ ክዳኗ ሰንበሌጥ ነው። ባለቤቷም እናቴ ናት።

ካቻምና እኔና ታላቅ ወንድሜ ከደመወዛችን አጠራቅመን፥ ከዚህችው ቤት አጠገብ ባለ ብሎኬትና ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠራንላት። ጎረቤት ሁሉ መረቀን። እኔም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ወር ሳይሞላ ግን እናቴ ቀን ቀን በአዲሱ ቤት እንግዳ እየተቀበለች፥ ሲመሽ ወደ አሮጌው ገብታ የምትተኛ መሆኗን ሰማሁ። ምነው ብዬ ብጠይቃት፥ «አብሽር ልጄ፥ ቤቱስ ያምራል። ነገር ግን ቀን ቅቤዬን ያቀልጠዋል፤ ሌሊት ደግሞ ድንጋይ ያደርገዋል። በአሮጌው ቤት ቅቤው እንዳለ ነው» አለችኝ።

ስለ ሙቀት መተላለፍ በሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የማስተምር ሰው፥ ይህን ከቅቤ ቅል መማሬ አሳፍሮኛል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ቆርቆሮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፀሐይ ስታርፍበት ወዲያው ይግላል፥ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ በትኖ ይበርዳል። የብሎኬቱም መካከል ባዶ ነው። አንድ ክንድ የሚወፍር የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ግን የቀኑን ሙቀት ቀስ እያለ ይጠጣዋል፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከአሥር ሰዓት በኋላ ያህል ነው፥ ይኸውም ሰው ብርድ ልብስ በሚፈልግበት ሌሊት ማለት ነው። ማገዶም ኤሌክትሪክም ሳይወጣበት የሚሞቅ ቤት ከዚህ ሌላ ምን አለ?

ሌላው ጥፋታችን መስኮቱ ነው። ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፥ በሰኔ ቀትር የእንጨት ጥላ ወደ ደቡብ፥ በታኅሣሥ ግን ወደ ሰሜን ይወድቃል። ተማሪዎቼ ይህን በትምህርት ቤቱ ግቢ እንጨት ተክለው ለክተውታል። እንግዲህ ብርድ በሚጠናባቸው ወራት ፀሐይ የምትገባው በደቡብ መስኮት ነው። እኛ ግን መንገደኛ እንዲያይልን ብለን መስኮቶቹን ሁሉ ወደ ምዕራብ አወጣናቸው፤ በዚያ በኩል የምትገባው የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ የጋለውን ቤት የባሰ ታግለዋለች።

የአባቶችን ቤት ለዘመናዊ ኑሮ ማስማማት የእኛ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በማሌዥያ የጥንቱ ቤት በቋሚ እንጨት ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ነፋስ ከወለሉ በታችና በሰፋፊ መስኮቶቹ እንዲያልፍ ነው። የዛሬ የሕንፃ ባለሙያዎቻቸውም ከዚያ ይማራሉ። ያንን ቤት እንዳለ አምጥቶ አምባሰል ላይ የሚተክል ሰው ግን በመጀመሪያው የኅዳር ሌሊት ይጸጸታል። የእነርሱ ጭንቀት ቀንም ሌሊትም የማይለቅ ወበቅ ነው፤ የእኛ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀትና ብርድ መፈራረቁ። በአዲስ አበባም የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩቱ ከስዊስ የዙሪክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፥ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከአፈር አንድ ፎቅ ቤት ሠርቶ አሳይቷል። 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት የሚበስለውን ሲሚንቶ መቆጠብ እንደሚቻል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ግብጻዊው ሐሰን ፋቲ በ1930ዎቹ መጨረሻ በሉክሶር አጠገብ ከጭቃ ጡብ ያማረ መንደር ሠርቶ ነበር፤ መንደሩ የተሠራላቸው ሰዎች ግን ብዙዎቹ ሊገቡበት አልወደዱም። እኛም እናታችንን ሳንጠይቅ ነው የሠራነው።

ይህን ስል ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ማለቴ አይደለም። ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፥ እሳት ይፈራል፤ መሬቱ ሁሉ ታርሶ ሰንበሌጡም ጠፍቷል። የእናቴንም ዐይን ያደከመው የዚያው የአሮጌው ቤት ጢስ ነው። ቆርቆሮው ለዝናብ መልካም ነው፤ ከበታቹ ኮርኒስ ተመትቶ፥ ጭድ በጭቃ ተለውሶ አንድ ጋት ያህል ቢነጠፍበት፥ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከልም አየር ቢተላለፍ፥ ሙቀቱም ብርዱም የዝናቡም ጩኸት ይቀንሳል። ግድግዳው የአገሩ ድንጋይ፥ ወጥ ቤቱ ጢስ መውጫ ያለው ሆኖ ለብቻው፥ በምዕራብ በኩል በረንዳ። አዲስ ቤት ለመሥራት የቁጠባ ደብተር የከፈታችሁ ወዳጆቼ፥ ይህን ለግንበኛው ንገሩት፤ መጀመሪያ ይስቅባችኋል።

ወንድሜ አሮጌውን ቤት አፍርሶ ድንጋዩን ለአጥር ሊያደርገው ፈልጓል። እኔ ቆርቆሮ እናልብሰው ብዬ ተከራከርሁ፤ እናቴ ዝም አለች። በመጨረሻ የተስማማነው፥ በዚህ በጥቅምት የአዲሱን ቤት ኮርኒስ ሠርተን፥ በደቡብ በኩልም አንድ መስኮት ከፍተን፥ የቅቤውን ቅል እዚያ ልናስቀምጥ ነው። ወንድሜ ድንጋይ የሚጭነውን ባለ ጋሪ መልሶታል፤ የመለሰው ግን እስከ ጥር ብቻ ነው።