ደም የሚያስለውን ሰው ብቻውን አንተወው

የዱስ፣ የላቡክና የኮርቾ መንደሮች ወገኖቻችን! በኦሞ ወንዝ ዳር ማሽላ የሚዘራ፣ ከብት የሚያግድ ብርቱ ሰው አክታው ላይ ደም ቢያይ «ይተወኛል» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ዝምታው ግን የእሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሕመሙ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ከሆነ በትንፋሽ ይተላለፋልና አንድ ጎጆ ውስጥ ለሚያድሩት ሁሉ ይተርፋል።

ደም ያሳለ ሁሉ ቲቢ ይዞታል ማለት አይደለም። የሳንባ ምች፣ የቆየ ብሮንካይትስ፣ የሳንባ ካንሰርና የልብ ሕመምም ደም ያስላሉ። የሚለየው ምርመራ ነው። ስለዚህ ደሙ ጥቂት ቢሆንም ጤና ኬላ እንሂድ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ ደግሞ ደም እስኪታይ አንጠብቅ። ደሙ ከጥቂት የሻይ ማንኪያ ከበለጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ራስ ካዞረ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል!

የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። የሚከብደው ከዱስ ተነስቶ በቱርሚና በዲመካ አልፎ ጂንካ ሆስፒታል መድረሱ ነው፤ አቅም ያጣ ሰው ይህን መንገድ ብቻውን አይወጣውም። እንግዲህ መንገዱን እንካፈለው!

ሽማግሌዎች፣ «ደም ማሳል ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው የሚጎዳን» ብላችሁ በጉባኤ ተናገሩ። እናቶች፣ የሚያስለውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። ወጣቶች፣ በሞተር አድርሱ፤ ለትራንስፖርቱም ከየቤቱ አዋጡ። ጎብኚ ይዛችሁ ዱስ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ስትመለሱ ለታማሚ ቦታ አትንፈጉ፤ መስኮቱን ክፈቱ፣ እሱም አፉን ይሸፍን። የወረዳና የዞን ኃላፊዎች፣ የአክታ ምርመራው ወደ መንደሩ እንዲቀርብ አድርጉ።

ሥራው በመድረስ አያበቃም። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ታማሚው በጥቂት ሳምንት ሲሻለው ኪኒኑን ካቆመ በሽታው ያገረሻል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። እያንዳንዱ ታማሚ እስከ መጨረሻው «ዋጥክ ወይ?» የሚለው ሰው ይኑረው።

ዛሬ ማታ በየጎጆአችን እንጠያየቅ። የሚያስል ካለ ነገ ጠዋት አብረነው እንነሣ!