ወይ ጻድቅ፣ ወይ ወንጀለኛ

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የተማሩ ሰዎች ማኪያቷቸውን ይዘው ስለ አገር እድገት ማውራት ከጀመሩ፣ ሲኒው ሳይጋመስ ሲንጋፖር ትነሳለች። ደብረ ብርሃንም ያው ነው፤ ልዩነቱ ብርዱ ብቻ ነው። ሲንጋፖር ከተነሳች ደግሞ ሊ ኩዋን ዩ ይነሳሉ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀርና ቅዳሴ ይሆናል። አንዱ "አንድ ሰው እኮ ነው አገሩን ከምንም ያነሳ!" ይላል፤ ሌላው "ለእኛም እንደሱ ያለ ቆራጥ ይስጠን!" ብሎ ይቀበላል። ሦስተኛው አሜን ይላል። ሒሳቡም ይከፈልና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ሰውየው አይነሱ ማለቴ አይደለም። ሥራቸው የሚካድ አይደለም። በ1923 ተወለዱ፤ ካምብሪጅ ሕግ ተማሩ፤ በ1959 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1965 ሲንጋፖር ከማሌዥያ ተገፍታ ስትወጣ ቴሌቪዥን ፊት አለቀሱ፤ ከዚያም ዕንባቸውን ጠርገው እስከ 1990 መሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ይህ ነው የሚባል የተፈጥሮ ሀብት የሌላት፣ የምትጠጣውን ውሃ እንኳ ከጎረቤት የምትገዛ ደሴት የዓለም ወደብ ሆነች። በ2015 ሲያርፉ ከየአገሩ የመጡ መሪዎች ቀብራቸው ላይ ተገኙ። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ችግሩ ያለው አተራረካችን ላይ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ "ገድልን ከታሪክ በምን እንለየው?" ሲሉኝ አንድ ቀላል መለኪያ እሰጣቸው ነበር፤ ተቃዋሚውን እዩት እል ነበር። በገድል ውስጥ ጻድቁን የሚቃወም ሁሉ ወይ ሰይጣን ያደረበት ነው፣ ወይ መጨረሻ ላይ ተጸጽቶ እግሩ ሥር ይወድቃል። የራሱ ስም፣ የራሱ እናት፣ የራሱ ምክንያት ያለው ተቃዋሚ ገድል ውስጥ ቦታ የለውም። ይህ ለገድል ነውር አይደለም፤ ገድል ሊጸለይበት እንጂ ሊመረመር አልተጻፈም። ለአገር መሪ ገድል ሲጻፍ ግን ነገሩ ይበላሻል። መሪ አይጸለይበትማ! መሪ ሒሳቡ የሚታይ ሰው ነው።

በእኛ የሲንጋፖር ገድል ውስጥ ቺያ ታይ ፖ የሉም። የፓርላማ አባል የነበሩ ሰው ናቸው። በ1966 ታሰሩ። ክስ አልተመሠረተባቸውም፤ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። 23 ዓመት እንዲህ ከቆዩ በኋላ በ1989 ሴንቶሳ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ተወስደው እዚያ በግዞት ኖሩ። የመጨረሻው ገደብ የተነሳላቸው በ1998 ነው። ደምሩት እስቲ፤ 32 ዓመት! ከሳቸው በፊትም በፌብሩዋሪ 1963 በአንድ ዘመቻ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ያለ ፍርድ ታፍሰው ታስረዋል። ሊ ኩዋን ዩ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ልጆቻቸው በአባታቸው ቤት ጉዳይ ተጣሉ። ታላቅየው እስከ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ታናሽየው አገር ጥለው ወጡ፤ እንግሊዝ የፖለቲካ ጥገኝነት እንደሰጠቻቸውም በዚያው ዓመት ራሳቸው ተናገሩ።

"ወንድም" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ አንኮበር ላይ ታስፈልገናለች።

ሲንጋፖር ድረስ ሄደን የደሴት መሪ የምንፈልገው ለምንድነው? ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ አንድ እናገኝ የለም እንዴ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሸዋ ውሃ ያልከበባት ደሴት ነበረች። በሰሜን በኩል የወሎ መኳንንት ከጎንደር ለይተዋታል፤ በምሥራቅ ቁልቁል የአፋር በረሃ ተዘርግቷል። የጎንደሩ ንጉሠ ነገሥት ስም ብቻ ቀርቶት ራሶች ሲጫወቱበት፣ እዚህ አፋፍ ላይ ትንሽ መንግሥት ራሷን ችላ ትኖር ነበር። አጼ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ ኢትዮጵያን በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው ገልጸዋታል። ምሳሌውን ያገኙት ከአያታቸው ሰገነት ላይ ይመስለኛል።

አያትየው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። አባታቸው ወሰን ሰገድ በ1813 ሲገደሉ፣ የ18 ዓመት ገደማ ወጣት ሆነው ሰላ ድንጋይ ገዳም ይማሩ ነበር። አልጋው በደንቡ የታላቅ ወንድማቸው የበኩሬ ነው። እንደሚተረከው በኩሬ የሚይዘውን ዕቃ ሲመርጥ ዘገየ፤ ተማሪው ቀድሞ ደረሰና መርዕድ አዝማች ተባለ። በኩሬስ? በኩሬማ ከአጎቶቹና ከሌሎች ወንድሞቹ ጋር ወደ ጎንጮ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ለ34 ዓመት አገዛዝ የሚያንስ አይደለም። የአባታቸውን ገዳዮች ቀጡ፤ በጦርነት የፈረሰችውን ደብረ ብርሃንን መልሰው አቀኑ፤ አንጎለላን መሠረቱ። ቆይተውም ከጎንደር ፈቃድ ሳይጠይቁ ራሳቸውን "ንጉሥ" አሉ። በ1830ዎቹ አጋማሽ ድርቅና ረሃብ ሲገባ የመንግሥቱን ጎተራ ለሕዝቡ ከፈቱ፤ ስንቱ ባለ ጎተራ ነው ይህን ያደረገ? ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ የሐረር፣ የአርጎባና የአፋር ነጋዴ የሚገናኝባት ገበያ ሆነች። በ1840 ሕንድ ላለው የእንግሊዝ ኩባንያ ደብዳቤ ላኩ፤ በ1841 ከእንግሊዝ፣ በ1843 ከፈረንሳይ ጋር ውል ተፈራረሙ። እንግሊዞቹ ንግድ ፈለጉ፤ ንጉሡ መሣሪያና ባለሙያ። ውሉ ብዙም ሳይሠራ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ጠብመንጃው ግን ቀረላቸው። በ1847 ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። የልጅ ልጃቸው አጼ ምኒልክ ናቸው፤ የራስ መኮንን እናትም የሳቸው ልጅ ናት። በአጭሩ ከ1889 እስከ 1974 ኢትዮጵያን የገዛው ዘር በሙሉ በሳቸው በኩል ያለፈ ነው።

እዚህ ድረስ ገድል ነው። ሸዋ ውስጥ የሚነገረውም እዚህ ድረስ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ ክስ ይዞ ይመጣል። ንጉሡ በየዓመቱ በኦሮሞ አገር ላይ ይዘምቱ ነበር፤ መንደር ይቃጠላል፣ ከብት ይነዳል፣ ሴትና ሕፃን ይማረካል። የውጭ ሰዎቹ ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1840፣ መኮንኑ ሐሪስ በ1841 አብረው ሄደው ያዩትን ጽፈዋል። አልዩ አምባና በአጠገቧ ያለው ገበያ ቡናና ጨው ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህም እውነት ነው። "የለም፣ የፈረንጅ ወሬ ነው" እያሉ ለሚሸሹ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራቸው፤ ጎተራው መከፈቱንም የነገረን ያው ፈረንጅ ነው። ደግ ደጉን ተቀብሎ ክፉውን "ወሬ" ማለት አይቻልም።

ከሳሾቹም እንዲሁ። እነሱ ደግሞ ዘመቻውን ከሐሪስ ይጠቅሱና ጎተራውን ይዘሉታል። ሐሪስንም እንደ መልአክ ምስክር ያቆሙታል። ሐሪስ እኮ ስጦታ አሸክሞ ውል ሊያስፈርም የመጣ የመንግሥት መልእክተኛ ነው! በ1844 ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የ"ሰር" ማዕረግ አገኘ። አገሩን ባስጨነቀና ንጉሡን ባስፈራራ ቁጥር የራሱ ጀግንነት ይጎላል። በዚያው ዘመን ሸዋ የነበረ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪምም ከሐሪስ ጋር የማይስማማ መጽሐፍ በዚያው 1844 አውጥቷል። ሁለት እንግሊዞች ያልተስማሙበትን ጉዳይ እኛ በአንዱ ብቻ እንምላለን።

ገድለኛውም ከሳሹም የማይወዱት ሌላ ነገር አለ፤ ደሴቷ ደሴት አልነበረችም። የይፋትን ወሰን የሚጠብቁት ሹም ወላስማ መሐመድ ሙስሊም ናቸው። ከንጉሡ ጋር የሚዘምተው ፈረሰኛ ብዙው ኦሮሞ ነው። በአንጻሩ ንጉሡን ያስጨነቃቸው መዶኮ መጀመሪያ የራሳቸው የጦር ሰው ነበር። ማን "እኛ" እንደሆነ፣ ማን "እነሱ" እንደሆነ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ እንደዛሬው የተሰመረ መስመር አልነበረም። ዛሬ በማስመሪያ እያሰመርን ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ እየሄድን ሰዎቹን በየሰልፋቸው የምናቆማቸው እኛ ነን።

አሁን ወደ ጎንጮ እንውረድ። ጎንጮ የነገሥታቱ ወንድሞች የሚታሰሩበት ስፍራ ነበር፤ ጠባቂውም ያው ወላስማ ናቸው። የክርስቲያን ንጉሥ የክርስቲያን ወንድሞቹን የሚያስጠብቀው በሙስሊም ሹም ነው፤ እንዲህ ያለውን የታሪክ ቀልድ ልብ ወለድ ውስጥ ብታገኙት "ደራሲው አበዛው" ትሉ ነበር። እስረኞቹ ጥፋት አልነበራቸውም። ጥፋታቸው ከንጉሥ መወለዳቸው ነው። አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ወንድም ይወርዳል፤ ይኸው ነው ሕጉ። አምባ ግሸንም፣ የጎንደሩ ወህኒም እንዲሁ ነበሩ፤ "ወህኒ ቤት" የምንለው ቃል ራሱ የዚያ ዘመን ውርስ ነው። ሐሪስ አንኮበር ሳለ ንጉሡ በጽኑ ታመሙ፤ ከዚያም ወንድሞቻቸውን ፈቱ። ሐሪስ ምክንያቱን የራሱ ምልጃ አድርጎ ጽፎታል። ይሁን፤ ምልጃውም ሞት መቃረቡም ረድቶ ይሆናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ካህን፣ ያ ሁሉ ደብር፣ ያ ሁሉ የነፍስ አባት ባለበት አገር፣ ያለ ጥፋት ለዓመታት በሰንሰለት የኖረ ወንድምን ለማስፈታት ፈረንጅና ሞት መምጣት ነበረባቸው?

ለዚህ ነው ገድሉንም ክሱንም የማልቀበለው። ገድለኛው ጎንጮን ይዘለዋል፤ ያሳፍረዋልና። ከሳሹም ይዘለዋል፤ ለክሱ አይጠቅመውምና፤ የታሰረው የንጉሡ የገዛ ወገን ነው። ሁለቱም የዘለሉት ገጽ ግን እኛን ዛሬም የሚመለከተን እሱ ነው። መሪዎቻችን ተፎካካሪን ከማሰር ወይም ከማሰደድ ሌላ የሚያውቁት ዘዴ ጥቂት ነው፤ እኛም "ቆራጥ" የምንለው ይህንኑ ነው።

"ይህ የድሮ ወሬ ምን ይሠራልናል?" የሚል ካለ ደብረ ብርሃንን ይይ። ከተማዋ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ለዓመታት በመጠለያ ስታኖር ቆይታለች። እነዚያ ሰዎች የማንም ንጉሥ ወታደር አልነበሩም፤ ገበሬዎች ናቸው። ነገር ግን ለአሥርተ ዓመታት ሲጻፍና ሲነገር የኖረው ክስ ጎረቤታቸውን የሁለት መቶ ዓመት ባለዕዳ አድርጎ አሳይቷቸዋል። ባለዕዳ የተባለ ሰው ቤቱ ሲቃጠል "ተከፈለ" የሚል አይጠፋም። በሌላ በኩል የአያቱ መንደር መቃጠሉን ከአባቱ የሰማ ኦሮሞ ወጣት "ሐሰት ነው፣ ንጉሡ ቅዱስ ነበሩ" ሲባል ምን ይሰማዋል? የአያቱ ዕንባ ውሸት ነው መባል ነው። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ውጊያም ይሁን ሌላው የዘመናችን ደም፣ መንስኤው ታሪክ ብቻ ነው አልልም፤ የሥልጣን፣ የመሬትና የእንጀራ ጉዳይ አለ። እሳቱን የሚያቀጣጥለው ጭራሮ ግን ከመጻሕፍት መደርደሪያችን ላይ መሰብሰቡን እንደ መምህር አውቃለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሐውልት ይቁም አልልም፤ ሐውልት የድንጋይ ገድል ነው። ይፍረስም አልልም፤ ማፍረስ የድንጋይ ክስ ነው። አንኮበር ላይ ቤተ መንግሥቱ ቢፈርስም በኮረብታው ላይ የቤተ መንግሥት ቅርጽ ያለው ሎጅ ተሠርቷል፤ እንግዳ ይመጣል፤ አንዳንዱም በ1979 ለሳይንስ የተዋወቀችውን የአንኮበር ወፍ ሊያይ ነው የሚመጣ። ለሚመጣው ሰው የነገሥታቱን ስም ከቆጠርንለት በኋላ ጎንጮንም እንንገረው፤ የአልዩ አምባን ቡና ስንነግረው የተሸጠውንም ሰው እንንገረው፤ ዘመቻውን ስንነግረው የተከፈተውን ጎተራም አንርሳ። ትምህርት ቤትም እንዲሁ። የአካባቢው ልጅ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ "የምኒልክ አያት" ከምትለዋ በላይ ሦስት ደግና ሦስት ክፉ ነገር ከነማስረጃው ጽፎ ቢመጣ፣ ያ ልጅ አድጎ ማንም በቀላሉ ከኋላው አያሰልፈውም።

እስከዚያው የምትወዱትን መሪ፣ የሞተም ይሁን ያለ፣ የሩቅም ይሁን የቅርብ፣ ስሙን ጥሩና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ጎንጮው የት ነው? ማንስ አለበት? የእስረኛውን ስም ካላወቃችሁ፣ የምታውቁት የሰውየውን ገድል እንጂ ታሪኩን አይደለም።