የሙት ድምፅ በማሽን

ቴሌግራፍ አቬኑ አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን መርዶ እንግዳ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን የተሰናበትነው በስልክ ነው። ለመሆኑ ማሽን በእነሱ ፋንታ ቢያናግረንስ?

ነገሩ እዚሁ ቤይ ኤሪያ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጋዜጠኛው ጄምስ ቭላሆስ አባቱ በሳንባ ካንሰር ሲታመሙ የሕይወት ታሪካቸውን ቀድቶ፣ በእሳቸው አነጋገር የሚመልስ «ዳድቦት» የተባለ ፕሮግራም ሠራ። አባትየው ፈቅደዋል፤ ቃሉም የራሳቸው ነው። በዚያው ዓመት ዩጂኒያ ኩይዳ በ2015 መኪና ገጭቶት የሞተ ጓደኛዋን ከጽሑፍ መልእክቶቹ ተነስታ «አናገረችው»። እሱን ግን ማን ጠየቀው?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሟችን ያላለውን ማሰኘት በስሙ መዋሸት ነው። ለቅሶው፣ አርባውና ሙት ዓመቱም ሐዘንን ቀስ በቀስ ለማብረድ እንጂ ሟችን ለማስቀረት አልተሠሩም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬውኑ ደውሉ፤ ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ ታሪካቸውን ቅዱ። ከዚያ ያለፈው የማሽን ድርሻ አይደለም።