«እርሳው» መድኃኒት አይደለም!

በኅዳር 2014 ጦርነቱ መንዝ ገብቶ ሞላሌና መዘዞ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ላጣ፣ በትንሽ ኮሽታ ለሚደነግጥ ሰው ዛሬም የሚሰጠው ምክር «እርሳው፣ ወንድ አይደለህ?» ነው። ይብቃ!

ሰው በትእዛዝ አይረሳም፤ ዝም ይላል እንጂ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከ5 ሰው 1ዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህ የወኔ ማነስ አይደለም።

ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛን «ቶሎ እርሳ» አንልም፤ አብረነው እንቀመጣለን። ለዚህም ሰው እንዲሁ ያድርጉ። ካወራ ያዳምጡት፤ ካላወራ «ምን አየህ?» እያሉ አያስጨንቁት። ችግሩ ከወር ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ሞትን ከተመኘ ግን በዚያው ዕለት። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን ሕክምናውን አያቋርጥ።