የማን ልጅ ነው?

ባለፈው ሰሞን ከአንድ የረጅም ዘመን ወዳጄ ጋር ቡና ላይ ተቀያየምን። እርሱ ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ እኔም ከቀዘቀዘው ስኒዬ ጋር ቀረሁ። የቅያሜያችን ምክንያት ፖለቲካ አይደለም፤ የቤት ግብር ነው።

ሁለታችንም በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረናል። ልጆቻችንን በዚሁ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረን ለወግ ለማዕረግ አብቅተናል። ወዳጄ እንዲህ አለኝ፤ «ዛሬ በቤቴ አንድም ተማሪ የለም። ታዲያ ስለምን ለሰው ልጅ ማስተማሪያ እገብራለሁ? ይባስ ብለው ደግሞ ከጎናችን ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ሊሠሩ ነው። ሦስት መኝታ ማለት ልጅ ነው። ልጅ ማለት ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ማለት ግብር ነው። ላጤ የሚኖርበትን ባለ አንድ ክፍል ይሥሩ!»

በዕለቱ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እነሆ መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ውድ አንባቢያን፣ እናንተ ዳኙን።

በቅድሚያ ስለ ወዳጄ እውነት ልመስክር። በዚህ አገር ለአንድ ተማሪ በዓመት የሚወጣው ገንዘብ በአማካይ ከ15,000 ዶላር በላይ ነው። ከዚህም ግማሽ የሚጠጋው ከአካባቢው ሕዝብ ኪስ፣ በተለይም ከቤት ግብር ይሰበሰባል። ሁለት ተማሪ ያለው ቤተሰብ ወደ አንድ አነስተኛ አፓርታማ ቢገባ፣ በዚያ ዓመት የሚከፍለው ግብር ለልጆቹ ከሚወጣው ወጪ እንደሚያንስ ማንም ደማሪ ይነግራችኋል። ይህን አልክድም።

ነገር ግን ይህ ስሌት የአንድን ሰው ዕድሜ በአንድ ፎቶግራፍ እንደ መፍረድ ነው። ገበሬን በመዝሪያው ወር ብቻ ያየ ሰው «ይህ ሰው እህሉን አፈር ላይ የሚበትን አባካኝ ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል? መከሩን አላየምና! ልጅ በትምህርት ቤት የሚቀመጠው ለአሥራ ሦስት ዓመት ነው፤ ሠርቶ የሚገብረው ግን ዐርባ ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። ወላጆቹም ቢሆኑ ልጃቸው ሳይወለድ ገብረዋል፤ ልጃቸው ከተመረቀ በኋላም ይገብራሉ። ወዳጄ ዛሬ የሚከፍለው እኮ የሰው ዕዳ አይደለም። ትናንት ልጆቹ ሲማሩ ጎረቤቶቹ የከፈሉለትን ነው የሚመልሰው።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በካውንቲያችን አንድ ደንብ ነበር፤ የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ከአቅማቸው 120 በመቶ በላይ ይሞላሉ ተብሎ ሲተነበይ በዚያ አካባቢ አዲስ መኖሪያ ቤት እንዳይፈቀድ የሚያግድ። እ.ኤ.አ. በ2019 እገዳው የሲልቨር ስፕሪንግን ክፍሎችም ያዘ። «እገዳው እንዳይነሣ» የሚል የፊርማ ወረቀት በሰፈራችን ሲዞር፣ እኔም ሳላቅማማ ፈረምኩ። በግቢው ሣር ላይ በተተከሉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚማሩትን ሕፃናት አይቼ ያዘንኩላቸው መስሎኝ ነበር።

በኋላ የካውንቲው የፕላን መሥሪያ ቤት ያወጣውን ጥናት አነበብኩ። የተማሪው ቁጥር በዋነኛነት የጨመረው በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ምክንያት አልነበረም። ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ አረጋውያን ነባር ቤታቸውን ባለ ልጅ ለሆኑ ወጣት ቤተሰቦች ስለ ሸጡ ነበር። እገዳው አዲሱን ቤት ይከለክላል እንጂ አሮጌው ቤት ገዢ እንዳያገኝ አያደርግም። በ2020 መጨረሻ የካውንቲው ምክር ቤት እገዳውን በአብዛኛው አስቀረው።

ያን ጥናት ሳነብ የገዛ ቤቴን አየሁ። ቤቱን የገዛሁት ልጆቻቸው ወጥተው ከሄዱባቸው ከሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ነበር። እኔ ግን ሁለት ሕፃናት ይዤ ገባሁ። የመንገዱ ሰው ሁሉ በዚያን ጊዜ «ይኸ ሰው ስንት ያስወጣናል?» ብሎ ፊርማ ቢያሰባስብብኝ ኖሮ ልጆቼ የት ይማሩ ነበር? ያ ፊርማዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የወዳጄ ሐሳብም አዲስ አይደለም። በኒው ጀርሲ የምትገኝ ማውንት ሎሬል የምትባል ትንሽ ከተማ በአፓርታማዎቿ የሚኖሩ ተማሪዎች ቁጥር ከተወሰነው ካለፈ የትምህርቱን ወጪ ገንቢው ራሱ እንዲሸከም እስከ ማስገደድ ደርሳ ነበር። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ለትምህርት የደረሰ ልጅ እንዳይኖርም ተከልክሎ ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ፣ ከተሞች የግብር ሒሳባቸውን ለማሳመር ሲሉ ድኾችንና ባለ ልጆችን በደንብ አጥር ማስቀረት እንደማይችሉ ፈረደ። አስቡት፤ ልጅ እንደ ጭስና እንደ ቆሻሻ ውሃ በመጠን የተፈቀደባት ከተማ!

ልጅ የራቀው ከተማ ይከብራልን? ቺካጎ በ2013 በአንድ ጊዜ ወደ 50 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችን ዘጋች፤ የተሰጠውም ምክንያት የተማሪ ማነስ ነበር። በ1950 ከ1,800,000 በላይ ሕዝብ የነበራት ዲትሮይት በ2020 ቆጠራ ከ640,000 በታች ሆና ተገኘች። ዲትሮይትን ያራቆታት የልጅ ብዛት አይደለም። ተማሪው በግማሽ ሲቀንስ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በግማሽ አይቀንስም፤ ማሞቂያውም፣ የመንገዱና የውሃ ቧንቧው ጥገናም እንዲሁ። ወጪው ይቀራል፤ ከፋዩ ይሄዳል። የአበው ተረት በዚህ ላይ ይሠራል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

«ልጁ እዚህ ተምሮ ቴክሳስ ሄዶ ቢሠራስ? የእኛ ከተማ ምን ተጠቀመች?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ወዳጄን ሆስፒታል የምታስታምመው ነርስ፣ አውቶቡሱን የሚነዳው ሰው፣ ጣሪያውን የሚያድሰው ሠራተኛ ከፊላቸው የተማሩት በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሕዝብ ግብር ነው። ሁሉም ከተማ የተማረውን ብቻ እየተቀበለ ተማሪውን ቢያባርር፣ የተማረው ከየት ይመጣል? ሸክሙ ከተማዋን ካጎበጣት ግዛቱና ፌዴራል መንግሥቱ የበለጠ ይሸከሙ፤ ለዚህ አብሬ እጮኻለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በቴክሳሱ የሳን አንቶኒዮ ክርክር፣ ሀብታም ሰፈርና ድኻ ሰፈር በቤት ግብር ልዩነት የተለያየ ትምህርት ቤት ቢኖራቸው የአገሪቱን ሕገ መንግሥት አይጥስም ብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ወስኗል። ጉድለቱ ያለው እዚያ ነው። ጥፋቱ የአከፋፈሉ ሆኖ ሳለ ቅጣቱን ለምን ለሕፃኑ እንሰጣለን?

ወዳጄ ሆይ፣ አንተ ጡረታ ወጥተሃል። በየወሩ የሚደርስህ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ ያንተ ስም ተጽፎበት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ እንዳይመስልህ። በአመዛኙ የሚመጣው ዛሬ ከሚሠሩት ወጣቶች ደመወዝ ላይ ተቆርጦ ነው። የነገውን የሚከፍሉት ዛሬ በዚያ ተንቀሳቃሽ ክፍል ውስጥ ማካፈል የሚማሩት ናቸው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። አንተ ግን ገና በሕይወት ሳለህ ሰርዶው እንዳይበቅል ትከራከራለህ!

አባቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይሉ ነበር። ቁራሽ የሚሰጧቸው እናቶች ጥጋበኞች አልነበሩም፤ ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ነበር የሚሰጡት። ተማሪው ከየት እንደመጣ፣ ተምሮ ሲጨርስ ወደየት እንደሚሄድ አያውቁም። ቄስ ቢሆን በሌላ ደብር ሊቀድስ፣ መሪጌታ ቢሆን በሌላ አገር ሊያስተምር ይችላል። ነገር ግን የእነርሱም ደብር መምህር በሌላ አገር እናቶች ቁራሽ ያደገ መሆኑን ያውቁ ነበር። አባቴ እስኪያረጁ ድረስ አንድም ቀን «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ እንጀራ የተከለከሉበትን ደጅ ሲያነሡ አልሰማሁም።

እኛ የዚያ ቁራሽ ልጆች ነን። ከአገራችን ወጥተን፣ ባዶ እጃችንን መጥተን፣ በማናውቃቸው ሰዎች ግብር ልጆቻችንን አስተማርን። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን መልእክት በአማርኛ እስከ መተርጎም የደረሱት በእኛ ልጆች ብዛት አይደለምን? አሁን ቤታችን ሰፍቶ፣ ልጆቻችን ወጥተው ሳለ፣ ደጁን ከኋላችን ልንዘጋ?

ስለ አፓርታማው ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ በቅርቡ ይካሄዳል። እኔ ሄጄ ባለ ሦስት መኝታው ይሠራ ብዬ እናገራለሁ። ወዳጄም ተቃውሞ ሊናገር እንደሚመጣ ነግሮኛል። ከስብሰባው በኋላ ቡናውን እኔ እጋብዘዋለሁ፤ ከመጣ።

ቸር ይግጠመን።