«የፈረንጅ ነው ጋሼ»

ፒያሳ ከመፍረሱ በፊት ነው። አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ የፒያኖ ሙዚቃ ይሰማል። ግራ እጁ እንደ ዋልዝ ቀስ እያለ ይረግጣል። ቀኝ እጁ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ደብተራ ማሕሌት ቆሞ ድምፁን ስብር እያደረገ እንደሚያዜመው ነው። ትዝታ ነው ስል ይሸሻል፤ አይደለም ስል ተመልሶ ይመጣል። አስተናጋጇን ጠርቼ «ይሄ የማን ነው?» አልኳት። «የፈረንጅ ነው ጋሼ» አለችኝ። እኔም ራሴን ነቅንቄ፣ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ልጅቷ ላይ አልፈርድም። እኔ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ ባዩ መቼ ዐወቅሁ? የባለሙዚቃዋን ስም የነገረኝ ከወራት በኋላ ውጭ አገር የሚኖር ወዳጄ ነው። እሱም የሰማው ከፈረንጆች ነው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ! አዲስ አበባ ተወልደው፣ ግሸን መንኩሰው፣ ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ እናት በገዛ ከተማቸው ቡና ቤት ውስጥ «የፈረንጅ» ሆነው ቁጭ አሉ። ለመሆኑ እንዴት እዚህ ደረስን?

የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ስማቸውም የውብዳር ነበር። (ልጅነቷን ስጽፍ አንቱታውን ልተወው፤ ቆብ ስትደፋ እመልሰዋለሁ። ዓመቶቹንም ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ታሪኳን አብዛኛውን የጻፉልን የውጭ ሰዎች ስለሆኑ እኔም ሳልወድ ተከተልኳቸው።) አባቷ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። እህቷ ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ደግሞ በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የውብዳር በስድስት ዓመቷ ከእህቷ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ት/ቤት ተላከች፤ ሙዚቃንም እዚያ ጀመረች። በ1933 ወደ አገሯ ተመለሰች። ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን ገባ። በ1937 ከቤተሰቧ ጋር ተግዛ አዚናራ ወደሚባል ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮልያኖ ተወሰደች። ከቤተሰቧ ጣሊያን የገደላቸው አሉ። የፒያኖው ድምፅ ውስጥ ልቅሶ ለምን ይሰማል የሚል ሰው ካለ ከዚህ ይጀምር።

ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ቫዮሊን መምህር እግር ሥር ተቀመጠች። በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ! ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው እንግዲህ። ሰውየውም በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆነ። እሷ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጽሕፈት ሥራ ተቀጠረች። ከዚያ የዕድሜ ልክ ምኞቷ ደረሰ፤ ለንደን ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ገብታ እንድትማር ዕድል አገኘች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የአገሯ ባለሥልጣናት የመውጫ ፈቃድ ከለከሏት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነገር በችኮላ አትለፋት። ጣሊያን ያሰራት ልጅ ከጣሊያን እስር ወጥታለች። ከዚህችኛዋ ቃል ግን መውጫ አላገኘችም። ደጅ የጠና ሁሉ ያውቃታል፤ «አይቻልም» የምትባለዋን። ምክንያት የላትም፣ ይግባኝ የላትም። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የሌላውን ሰው ሕይወት በአንዲት ቃል አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከታታል፣ ከዚያ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግም ሄደ፤ እሷ ግን ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ እየተዛወረች አለች።

የውብዳር እህል አልቀምስም አለች። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ። ሆስፒታል ገባች፤ ትሞታለች ተብሎ ቆረበች። ከዚያ ስትነሳ ልቧ ሌላ ሆነ። ግሸን ማርያም ወጣች፣ መነኮሰች፣ እማሆይ ጽጌማርያም ተባሉ። ዐሥር ዓመት ያህል ጫማ ሳያደርጉ ተራራው ላይ ኖሩ። ያን ሁሉ ሰዓት የተለማመዱበት ጣት ፒያኖ ሳይነካ ከረመ።

«ታዲያ ምን ጎደለባቸው? ለንደን ቢሄዱ እንደማንም ፈረንጅ ሾፓንን እየተጫወቱ ይቀሩ ነበር፤ ይህን የራሳቸውን ሙዚቃ የሰጠን ክልከላው ነው» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። እሳቸውም ነገሩን የእግዚአብሔር ፈቃድ አድርገው እንደተቀበሉት በኋላ ተናግረዋል። ይሁን። እሳቸው ይቅር ማለታቸው የእሳቸው ጽድቅ ነው። የከለከለው መ/ቤት ግን የእሳቸውን ይቅርታ እንደ መልካም ሥራ ምስክር ወረቀት ይዞ ሊቆም አይችልም። በዚህ አያያዝማ ተማሪ መከልከል የጥበብ ማሳደጊያ ዘዴ ነው ሊባል ነው! ስንቱ ተከልክሎ እንደ ወጣ ቀረ? እሱን ማን ይቆጥርልናል?

በ1960ዎቹ ጎንደር ነበሩ፤ የያሬድን ዜማ ያጠናሉ። ጠዋት ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎችን ያያሉ፤ ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ለምነው የሚበሉ፣ ሌሊት ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠቅልለው የሚያድሩ ልጆች። ዜማ ለመማር ሲል በረሃብ የሚገረፍ ልጅ ማየት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለልጆቹ የሚሰጡት ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ብቻ ነው። እና እሱን ለመሸጥ ወሰኑ። በ1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢው ለችግረኛ ልጆች ነበር። «የመነኩሴ ፒያኖ ምን ይሉታል?» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በ1984 ኢየሩሳሌም ሄዱ። እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከአልጋቸውና ከፒያኖአቸው ጋር፣ አርባ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ኖሩ። በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሲዲ 21ኛውን ለእሳቸው ብቻ ሰጠ። ዓለም ያን ጊዜ ሰማቸው። ቀጥላ ማያ ዱኔትስ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኒስት ክፍላቸው ድረስ ሄደች። እማሆይ በእጃቸው የጻፉትን የዘመናት ኖታ አስረከቧት። በምን ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው? በፌስታል! የተሸበሸበ፣ የተቀላቀለ፣ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት በፌስታል ታጭቆ። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ለቅማ፣ አስተካክላ በ2013 ኢየሩሳሌም ላይ በመጽሐፍ አሳተመችው፤ ለ90ኛ ዓመት ልደታቸውም ኮንሰርት ተዘጋጀላቸው። እግዜር ይስጣት እላለሁ። ቅናት ያንገበግበኛልም እላለሁ። ያ ፌስታል እኮ እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ዕጣው ምን ይሆን ነበር? የእስክስታ ባንድ ጓዝ ተሸክሞ በየበዓሉ የሚዞር መንግሥት አንድ ፌስታል ኖታ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ነበረው?

እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ። እኛም ፎቶግራፋቸውን ለጠፍን፣ «ነፍስ ይማር» አልን፣ አለቀ። አሜሪካኖቹ ግን በሚቀጥለው ዓመት አሮጌ የቤት ውስጥ ካሴታቸውን አጽድተው፣ በገዛ ድምፃቸው በአማርኛ ያዜሙበትን ሸክላ አወጡ። በአማርኛ ነው የምላችሁ! ግጥሙን የማይሰማው ሰው ገዝቶ ያዳምጠዋል፤ የሚሰማው እኔ ግን ወዳጄ ከውጭ በስልክ እስኪልክልኝ እጠብቃለሁ።

የእሳቸው ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። የያሬድ ሙዚቃ ት/ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ዋሽንትን ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ያገናኘው አሸናፊ ከበደም በ1998 ያረፈው አሜሪካ ነው። የእሱን ኖታ ጠይቁና የሚሰጣችሁ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ።

እና ምን ይደረግ ነው የምትሉኝ? ሐውልት አላልኩም፤ ሐውልት ሲባል ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው አበል ይበላል። እኔ የምለው ቀላል ነው። የእማሆይ የኖታ መጽሐፍ ይገዛ። ፒያኖ በሚያስተምር በያንዳንዱ ት/ቤት አንድ አንድ ቅጂ ይቀመጥ፤ ተማሪው ከቤትሆቨን ጎን እሳቸውንም ይፈተንባቸው። ከሸክላው ከሚሸጠውም ጎንደር ላሉት የቆሎ ተማሪዎች የሚደርስ ነገር እንዲኖር የሚመለከተው ሁሉ ይጠይቅ፤ ሙዚቃው የተሸጠው በእነሱ ስም ነበርና። የውጭ ምንዛሪ የለም እንዳትሉኝ ብቻ። የአንድ ሚኒስትር መኪና ለአንድ ሳምንት ግቢው ውስጥ ቢቆም ከነዳጁ መጽሐፉ ይገዛል፤ መልስም ይተርፋል።